ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሁለት መስመር

(ከ2ኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)

እስቲ ለአንድ አፍታ የአሳይመንቱንና የፈተናውን ነገር ወደ ጎን እንተወውና ስለ አንዲት የጦር መርከብ እናውራ። ስሟ «ኢትዮጵያ» ይባላል። ከ1954 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ሁሉ ትልቋ እሷ ነበረች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር ይጠጋል፤ የኳስ ሜዳ ላይ ብትጋደም ከጎል እስከ ጎል ልትሞላ ትንሽ ነው የሚቀራት።

«ወደብ የሌለው አገር ተማሪ ስለ መርከብ ምን አስጨነቀው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሱን እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የተነሳሁበትን ነገር ላስቀምጥ። ይህቺ መርከብ በዕድሜዋ ሁለት አገር አገልግላለች፤ አሜሪካንን 12 ዓመት ያህል፣ ኢትዮጵያን 29 ዓመት። 12 ዓመት ያገለገለችው አገር ታሪኳን በቀንና በሰዓት ከፋፍሎ ጽፎ አስቀምጦላታል። ስለ 29ኙ ዓመት ግን የእኛ አገር ተማሪ በቀላሉ እጁ የሚገባለት ሁለት መስመር ነው። ይህንን ጎዶሎ መሙላት ለታሪክ ትምህርት ክፍል ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ የእኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ሥራ ነው፣ ያውም ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን ለመሞከር ያህል በማደሪያ ክፍላችን ያሉትን አምስት ልጆች «ኢትዮጵያ የምትባለዋ የጦር መርከብ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንደኛዋ «ሰምጣለች» አለች። ሁለተኛዋ «ለኤርትራ ቀረች» አለች። ሦስተኛዋ «የመን ወደብ ላይ አሁንም ቆማለች» አለች። አራተኛዋ «ሸጧት!» አለች፤ «ማን ነው የሸጣት?» ስላት «እነሱ ናቸዋ!» ብላ አልጋዋ ላይ ተገለበጠች። አምስተኛዋ ደግሞ በመገረም ዓይኗን አፍጥጣ «እንዴ፣ መርከብ ነበረን?» አለች። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም፤ ውጤታቸው ከእኔ ይበልጣል። አንድ አገር ስሙን የሰጣትን መርከብ መጨረሻ አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአምስት መንገድ የሚያወራው ግን ነገሩ ስላልተነገረ ነው።

እንግዲህ የሚታወቀውን በቅደም ተከተል ልናገር።

መርከቧ የተሠራችው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ ሃውተን በሚባል ቦታ ነው። የሚገርመው ነገር የተሠራችበት ቦታ ሐይቅ ዳር መሆኑ ነው፤ ወደ ባሕሩ የወጣችው በቦይ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ ውኃ ወረደች፤ በጥር 1944 ሥራ ጀመረች። ያኔ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ባርኔጋት ከሚባሉት ተመሳሳይ መርከቦች አንዷ ናት።

ሥራዋ ምን ነበር? የባሕር አውሮፕላኖችን መንከባከብ። በዚያ ዘመን ካታሊናን የመሳሰሉ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበሩ። እነዚህ አውሮፕላኖች ሜዳ አያስፈልጋቸውም፤ ነዳጅ፣ ጥይት፣ መካኒክ፣ ለበራሪዎቹ ደግሞ ምግብና መኝታ ግን ያስፈልጋቸዋል። «ኦርካ» ይህን ሁሉ ተሸክማ አውሮፕላኖቹ ወዳሉበት የምትሄድ ነበረች። በእኛ ቋንቋ ጋራዥም፣ ነዳጅ ማደያም፣ ሆቴልም አድርገን ልናስባት እንችላለን፤ መድፍ የያዘች ሆቴል! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኒው ጊኒ በኩል አልፋ ፊሊፒንስ ደርሳለች፤ በሌይቴና በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ አገልግላለች። ለዚህም ሦስት የጦርነት ኮከብ ተሸልማለች። በ1947 ከአገልግሎት ወጥታ ቆመች፤ የኮሪያ ጦርነት በነበረበት በ1951 መጨረሻ ተመለሰች፤ በ1960 እንደገና ጡረታ ወጣች (ዓመቶቹ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ይህን ሁሉ በምን አወቅን? መልሱ ቀላል ነው፤ ስለተጻፈ። የጦር መርከብ በየዕለቱ የሚሞላ መዝገብ አለው። ቀኑ በአራት በአራት ሰዓት ተከፍሎ ተረኛው መኮንን ተራውን ሲጨርስ ወዴት አቅጣጫ እንደተጓዙ፣ ፍጥነታቸው ስንት እንደነበረ፣ አየሩ ምን እንደሚመስል፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከፈቃድ እንዳልተመለሰ ይጽፋል፤ ይፈርማል። አሜሪካኖቹ እነዚህን መዝገቦች በብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው አኑረዋል። በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ የየመርከቡን ታሪክ በፊደል ተራ የሚዘረዝር ብዙ ቅጽ ያለው መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። «ኦርካ»ም እዚያ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ታሪኳ ግን «ለኢትዮጵያ ተሰጠች» የሚለው ላይ ሲደርስ ያልቃል። ቢያልቅ አይፈረድባቸውም፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእነሱ የቤት ሥራ አይደለም። የእኛ ነው።

የእኛን ምዕራፍ እንክፈተው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል ምጽዋና አሰብ አብረው መጡ። ባሕር ኃይሉ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ፤ በማደራጀቱና በማሠልጠኑ ሥራ የኖርዌይ መኮንኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። «ኦርካ» በ1954 ዓ.ም. (በጥር 1962 እ.ኤ.አ.) ስትመጣ ስሟ «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ መለያዋ «ኤ 01» ሆነ። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች፤ ከዚያም በላይ ትምህርት ቤት ሆነች። ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ እጩ መኮንን ሆኖ ሲገባ ከመሬት የተለየው በእሷ ላይ ነው። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል በዓል የውጭ አገር የጦር መርከቦች ሳይቀሩ ሲመጡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት የክብር ቦታውን የምትይዘው እሷ ነበረች።

ከዚያ የዘመኑ ነገር መጣ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአንድ ሌሊት ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ከአሜሪካ ጋር ተቆራርጦ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ። ወደቡ ላይ ሶቪየት ሠራሽ ሚሳይል ተሸካሚ ጀልባዎች ሲደረደሩ፣ አሜሪካ ሠራሿ አሮጊት መካከላቸው ቆመች። የመለዋወጫ ዕቃ ከሚሰጠው አገር ጋር ተኳርፎ መርከብ ማንቀሳቀስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሞተር ክፍሉ ሰው ነው። ምጽዋ በ1970 ዓ.ም. በከባድ ውጊያ ታመሰች፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ያዛት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ተያዘች። «ኢትዮጵያ» መርከብ ከሌሎች መርከቦች ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረት ተሸጠች። ስለዚህ የማደሪያ ክፍላችን ልጆች ግማሽ ግማሹን ብለውታል፤ የመንም እውነት ነው፣ ሽያጩም እውነት ነው። የሸጧት ግን እንደ መርከብ ሳይሆን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

አንድ ሰው ልብ ብሎ ካየው ከላይ የዘረዘርኩት የኢትዮጵያ ዘመን ታሪክ በአብዛኛው የመርከቧ ታሪክ አይደለም። የመንግሥታት ታሪክ ነው። መርከቧ በመሐል ብቅ ጥልቅ ትላለች እንጂ ውስጧ ማን እንደኖረ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ፈቃድ አጥቶ እናቱን ሳይቀብር እንደቀረ የሚናገር ነገር የለውም። የአሜሪካኖቹ መዝገብ የእነሱን መርከበኛ ቁርጥማት ሳይቀር ጽፎታል። ለዚህ ነው «ሁለት መስመር» ያልኩት። አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ መርከቧ የሚያወራ ነገር ካለ ብዬ ስጠይቅ፣ መስኮቱ ላይ የነበሩት ሰው ከት ብለው ሳቁና «ልጄ፣ ወደቡ ከሄደ መርከቡን ምን ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ። ቀልዳቸው አልከፋኝም። ግን ስወጣ አንድ ነገር ገባኝ፤ ብዙዎቻችን ታሪክን ከንብረት ጋር አምታተነዋል። ንብረቱ በእጃችን ከሌለ ታሪኩም የእኛ አይመስለንም።

ሰዎቹ ግን እኮ አሉ! ሰፈራችን ውስጥ ፍሪጅ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሙያውን የተማሩት ባሕር ኃይል ነው። እኔ ሳውቃቸው ፍሪጅ ጠጋኝ ናቸው፤ ከዚያ በፊት የነበራቸውን ሕይወት ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ማስታወሻ ደብተር ይዤ ሄድኩና «ጋሼ፣ በዚያች ጀልባ ላይ…» ብዬ ስጀምር መፍቻውን አስቀምጠው «ጀልባ አይደለችም። መርከብ ናት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ወሬው አላቆመም። ምጽዋ በበጋው ሙቀት ብረቱ እጅ ሲልጥ፣ ሌሊት ንፋስ ፍለጋ ፍራሽ ተሸክመው ወደ ላይ ሲወጡ፣ ደመወዝ ሲቀበሉ መጀመሪያ ለማን እንደሚልኩ፤ ሁሉንም አወሩኝ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚበስል ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉና «ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስንት መድፍ ነበራት እያለ ነው። ማታ ምን እንበላ እንደነበረ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ» አሉኝ።

ይህቺ አንድ ዐረፍተ ነገር ናት ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ። መድፉን አሜሪካኖቹ ቆጥረውታል። መድፉ አይጠፋም። የሚጠፋው እራቱ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። መርከቧ በመጣችበት በ1954 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ባሕረኛ ዛሬ ሰማንያን አልፏል። መርከቧ የመን ስትገባ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረው እንኳ ዛሬ ሃምሳዎቹን ይዟል። አንዳንዶቹ አገር ቤት አሉ፤ አንዳንዶቹ ከ1983 በኋላ በየስደቱ ተበትነው በውጭ አገር ይኖራሉ። ትዝታቸውን በራሳቸው ጥረትና በራሳቸው ገንዘብ ጽፈው ያሳተሙ የቀድሞ አባላትም አሉ፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ሁሉም ግን መጽሐፍ አይጽፍም። የሞተር ክፍሉ ሰው፣ ወጥ ቤቱ፣ ሬዲዮ ሠራተኛው፣ ገመድ ጎታቹ ጠያቂ ይፈልጋል። መጠየቅ ደግሞ የማን ሙያ ነው? አንደኛ ዓመት ላይ ከገባን ቀን ጀምሮ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» እየተባለ ጆሯችን እስኪደነቁር የተነገረን ለዚህ አይደለም እንዴ?

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳካፍል ሦስት ዓይነት መልስ ገጥሞኛል።

አንደኛው «ምን ይጠቅማል?» የሚለው ነው። ባሕር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ሐሳብ በ2010 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲነገር፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ሲፈረም ጉዳዩ እንደገና ዜና ሆነ። ያን ዜና የጻፉ ጋዜጠኞች «ቀድሞ ባሕር ኃይል ነበረን» የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፈው ነው ያለፉት። ነበረን ማለት ምን ማለት ነው? ምን ሠራ? ምን ተሳሳተ? ስንት ሰው አሠለጠነ? ሠልጣኞቹስ የት ወደቁ? የቀድሞውን በቅጡ ሳይጠይቅ ስለ አዲሱ የሚጽፍ ጋዜጠኛ የተሰጠውን መግለጫ ከመገልበጥ በቀር ምርጫ የለውም። ጥቅሙ ይኸው ነው።

ሁለተኛው «ፖለቲካ ነው፤ አትንኪው» የሚለው ነው። ይህ ከበድ ይላል። ከ2016 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የባሕር በር ነገር በየመድረኩ የሚነሳ ጉዳይ ሆኗል፤ የዚህች መርከብ ፎቶም በዚያው ሰሞን በየሰዉ ስልክ ላይ ሲዞር አይቻለሁ። አንዱ ለቁጭት ያነሳታል፣ ሌላው ለመሳለቂያ። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። መርከቧ የማንም መፈክር መሆን የለባትም፤ መፈክር እንዳትሆን የሚያደርጋት ደግሞ ዝምታ ሳይሆን ዝርዝር ነው። በዚያች መርከብ ላይ የአሥመራ ልጅና የአዲስ አበባ ልጅ፣ የምጽዋ ልጅና የሐረር ልጅ በአንድ ጠረጴዛ በልተዋል። ዛሬ ሁለት አገር ሆነዋል፤ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ልጆቻቸው ተታኩሰው ሊሆን ይችላል። ታሪኩ በእውነት ከተጻፈ የሁለቱም ነው። ምጽዋ ከተማ ውስጥ ሆኖ ጦርነቱ ራሱ ላይ የወረደበት ሰው የሚናገረውም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው፤ ለጆሮ ባይጥምም መጠየቅ አለበት። ባሕረኛውን ብቻ ጠይቀን የከተማውን ሰው ብንተው የሠራነው ሥራ ጋዜጠኝነት ሳይሆን የጡረተኞች መወድስ ይሆናል።

ሦስተኛው «ይህ የታሪክ ትምህርት ክፍል ሥራ ነው» የሚለው ነው። የታሪክ ሰዎች ሥራቸውን ይሥሩ፤ ሰነድ ይፈልጉ፣ ያመሳክሩ፣ ይፍረዱ። ሰነድ እስኪገኝ ግን ሰው አይጠብቅም። በሕይወት ያለን ሰው ድምፅ መቅረፅ፣ ጥሩ ጥያቄ ማዘጋጀት፣ የተነገረውን ከሌላ ሰው ቃል ጋር ማነጻጸር የእኛ ዕለታዊ ልምምድ ነው። ሽማግሌ የነገረንን ሁሉ እንደወረደ እንጻፍ ማለቴም አይደለም። ትዝታ ያሳምራል፣ ያጋንናል፣ ዓመት ያምታታል። ለዚህም ነው አንድ ሳይሆን አሥር ሰው መጠየቅ ያለበት።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከባድ ነገር አልጠየቅኩም፤ በጀትም አይፈልግም።

በመጀመሪያ፣ በሁለተኛ ዓመት የምንወስደው የፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ ለአሳይመንት የሚሰጠን ርዕስ በየዓመቱ ይደጋገማል፤ የመንገድ ዳር ሻይ፣ የሊስትሮ ውሎ፣ የታክሲ ሰልፍ። እነዚህን የሚንቅ የለም። ከመካከላቸው አንዱ ግን «የቀድሞ ባሕረኛ» ይሁን። አንድ ክፍል አርባ ተማሪ ቢኖረው ግማሹ እንኳ አንድ አንድ ሰው ቢያገኝ ሃያ ምስክር አገኘን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቅጂው ከተማሪው ስልክ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ ትምህርት ክፍሉ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀምጠው። ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ የተናጋሪው ፈቃድ ይመዝገብ። እኛ ተመርቀን ስንሄድ ቀጣዩ ባች ከዜሮ እንዳይጀምር።

ሦስተኛ፣ ጥያቄዎቹ ከመድፍ አይጀምሩ። ከእራቱ ይጀምሩ፤ ከመኝታው፣ ከደብዳቤው፣ ከመጀመሪያው የባሕር ሕመም። ሰው ትንሹን ነገር ሲጠየቅ ትልቁን ራሱ ይነግርሃል።

አንዳንድ መምህራኖቻችን ይህን ሲያነቡ «ልጅቷ ደግሞ አሳይመንት ጨመረችብን» ብለው ፈገግ ይሉ ይሆናል። ይበሉ። የክፍሌ ልጆች ግን ፈገግ እንደማይሉ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ካፌ ላይ የሚጠብቀኝን ነገር ችዬ እቀበላለሁ።

ነገሩ የአንዲት መርከብ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ተዘግቶ፣ ተበትኖ፣ ተሸጦ የቀረ ስንት ነገር አለ። ሁሉም ሲያልቅ «እንዲህ የሚባል ነገር ነበረ» የምትል አንዲት መስመር ትተርፈዋለች። «ኢትዮጵያ» መርከብ ብረቷ ተቆራርጦ ሌላ ነገር ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ምናልባት የሆነ አገር የቤት ጣሪያ ይዛ ቆማለች። እሷን መመለስ አይቻልም። በላይዋ ላይ የወጣትነት ዘመናቸውን የጨረሱት ሰዎች ግን በየሰፈራችን አሉ፤ አንዱ ፍሪጅ ይጠግናሉ፣ ሌላው የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ሌላው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ጠጋ በሉና «ጋሼ፣ መርከቧ ላይ ማታ ማታ ምን ትበሉ ነበር?» በሏቸው። ከዚያ አዳምጡ።

ቸር እንሰንብት።